የካቡ ሸረሪቶች

ደክሞኛል። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ "ምነው ይቺ ሴትዮ እንዲህ ታማርራለች" እንዳትሉኝ። ሃያ ዓመት ባዮሎጂ ማስተማር፣ ቢቸና ላይ በኪራይ ቤት ብቻን መኖር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከመናኸሪያው ተጋፍቶ ሞጣ ድረስ እናት ለመጠየቅ መሄድ፣ መንገድ ሲዘጋ መቅረት፣ ሲከፈት እንደገና መጋፋት። ሰው በዚህ ብቻ ይደክማል። እኔ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ሸረሪት ጨመርሁበት።

ተማሪዎቼ "ቲቸር ሸረሪት" ይሉኛል። ፊት ለፊት አይደለም፤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስጽፍ ከኋላ ይንሾካሾካሉ። ድሮ እቆጣ ነበር። አሁን ለቁጣውም አቅም ያስፈልጋል።

እናቴ የምትኖረው ሞጣ ዳር ነው። ከቤቷ አርባ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ አሮጌ ደብር አለ፤ አጥቢያዋ ነው፣ እኔም ክርስትና የተነሣሁት እዚያ ነው። ቅጥሩ ጭቃም ሲሚንቶም ያልነካው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የቆመ ካብ ነው። ጽዱና ወይራው ከላዩ ስለሚያጠላበት በበጋም ቢሆን እርጥበት አያጣም። ልጅ ሳለሁ ካቡን ተደግፈን ነበር የቅዳሴውን ማለቅ የምንጠብቀው።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሰላም ሲባባል እኔ ወደ ካቡ ጥግ ሸሸሁ። ከባሌ ጋር ከተፋታን ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። የአጥቢያው ሴቶች ሰላምታቸው አንድ ነው፤ ጉንጬን ይስሙኛል፣ ከዚያ ዐይናቸው ወደ ሆዴ ይወርዳል፣ ከዚያ "እግዜር ያውቃል" ይሉኛል። ኤዲያ! እሱ ማወቁንማ እኔም አውቃለሁ። እነሱን ላለማየት ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዞርሁ።

ያኔ ነው ያየኋት። በሁለት ድንጋዮች መሃል እርሳስ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ በነጭ ክር ተለብጧል። ከአፏ ላይ እግሮች ብቅ ብለዋል። ቆጠርኋቸው፤ ስድስት ናቸው። ሸረሪት ስምንት እግር እንዳላት የኔ ሰነፍ ተማሪ እንኳ ያውቃል። ጎንበስ ብዬ ሳጤናት ሁለቱን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ስድስቱን ወደ ፊት ደርድራ፣ ከበሯ ላይ ቁጭ ብላ ጠባቂ ሆናለች። ቀለሟ አመድ ነው። በያንዳንዱ ጉልበቷ ላይ ነጭ ቀለበት አለ። እንዲህ ያለች ሸረሪት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ በመጽሐፍም አላየሁም። ልቤ እንደ ልጅነቴ ዘለለ።

በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ዩኒቨርሲቲ ላስተማሩኝ ሽማግሌ መምህር ላክሁላቸው። ኔትወርክ ጠፍቶ ከርሞ ስለነበር መልሳቸው የደረሰኝ ከወር በኋላ ነው። "ይህችን አላወቅኋትም። ሌላ ቦታ መኖሯን ፈልጊ" ብለው ጻፉልኝ።

ፈለግሁ። በቢቸና ዙሪያ ያሉትን አጥቢያዎች አንድ በአንድ ዞርሁ። ደብረ ወርቅ ወርጄ ፈለግሁ፣ መርጡለ ማርያም ሄጄ ፈለግሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አፍንጫዬ ድንጋይ እስኪነካ ተጠግቼ፣ ቅጥር ቅጥሩን ስዞር ዋልሁ። የትም የለችም። በእናቴ አጥቢያ ካብ ውስጥ ብቻ ናት። ያን ሁሉ ደብር ስንከራተት ለሚያየኝ ሰው ምን እንደምመስል ግን አንድ ቀንም አላሰብሁም።

መምህሬ ስም እንዲወጣላት ከተፈለገ ወንዱም ሴቷም ተይዘው መምጣት አለባቸው አሉኝ። ወንዶቹ ከቀዳዳቸው ወጥተው የሚዞሩት ክረምቱ እንዳለፈ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ያዝሁ። አልኮል ከየት ይመጣል? የሞጣ ዳግም አረቄ ገዝቼ በብልቃጥ ውስጥ ከተትኋቸውና በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ላክሁ። ፍተሻ ላይ ብልቃጡን ከፍተው አሸተቱት አሉ። ሾፌሩን "ምንድን ነው ይሄ፣ መድኃኒት ነው መተት?" ብለው ቢያፋጥጡት "የሴትዮ ዕቃ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ" ብሏቸዋል። አስፋልቱ ላይ ደፉት። የአንድ ዓመት ልፋቴን እንዲያ አድርገው ደፉት። ሾፌሩ ግን ደግ ሰው ነው፤ ባዶውን ብልቃጥ መልሶልኛል።

ከዚያ በኋላ፣ ጥቂት ናቸውና ዳግመኛ አላባክናቸውም ብዬ፣ መምህሬ ራሳቸው እስኪመጡ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። መንገዱ አንድ ዓመት ተዘጋ፤ በዓመቱም ተዘጋ። እኔ በመጣሁ ቁጥር ካቡን እየዞርሁ እቆጥር ነበር። ብዙ ናቸው ሲባሉ አርባ ሦስት ቢሆኑ ነው። በሕይወቴ የኔ ብቻ የምለው ነገር ቢኖር ይህ ቆጠራ ነበር። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ቤቱ የሰው ነው፣ ትዳሩም አልሆነም። አርባ ሦስቱ ቀዳዳዎች ግን የኔ ነበሩ፤ ስማቸው ወጥቶ በወረቀት ሲሰፍሩ ለማየት ስል ብዙ ነገር ችያለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

አንድ ቅዳሜ ካቡ ሥር ቆሜ ስቆጥር የደብሩ ቄሰ ገበዝ ከኋላዬ መጡ። ስቆጥር ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ የልጅነት ልማዴ ነው። እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ በመስቀላቸው ባረኩኝና "የኔ ልጅ፣ ስለትሽ ይድረስልሽ" አሉኝ።

በዚያች ቅጽበት "አባ፣ ስለት አይደለም፤ ሸረሪት እየቆጠርሁ ነው" ማለት ነበረብኝ። ግን አስቡት እስቲ! ይህ አገር ቆዳው ላይ ውኃ የቋጠረበት ሁሉ "ሸረሪት ሸናብኝ" የሚልበት አገር ነው። ባሏን የፈታች፣ ልጅ ያልወለደች ሴት በታቦት ቅጥር ሥር ሸረሪት ትቆጥራለች ቢባል ምን ይባላል? ማስረዳቱ ደከመኝ።

"አሜን" አልኋቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም አልጠየቀኝም። ካቡ ሥር ቆሜ ሲያዩኝ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። ደስ አለኝ፤ ሰላም አገኘሁ አልሁ።

እውነቱን የነገርሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእናቴ ጎረቤት፣ ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅና ሽቶ ለሚሸጡት እስላም ሽማግሌ። ከአያቶቻችን ጀምሮ ቡናም ሐዘንም የማንለያይ ሰዎች ነን። ያኔ ለአረቄው ባዶ የሽቶ ብልቃጥ ስጠይቃቸው "ምን ልታደርጊበት?" አሉኝ፤ ነገርኋቸው። አልሳቁም። "በኛ ዘንድ ሸረሪት አትገደልም፤ በዋሻው አፍ ላይ ድር አድርታ ከአሳዳጆቻቸው የሰወረቻቸው፣ ለነቢያችን ባለውለታ ናት" ብለው ብልቃጦቹን በሞቀ ውኃ አጥበው ሰጡኝ። ለእሳቸው መንገር ቀለለኝ፤ የአጥቢያዬ ሰው አይደሉማ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ መንገዱ ተከፈተ። መምህሬ ደውለው "አንዲት ባልደረባ ይዤ እመጣለሁ፣ ተዘጋጂ" አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቁ ሳይለቀኝ ለእናቴ ደወልሁ።

"እማ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ።"

"ለምኑ ነው ልጄ?"

"ደብሩን ሊያዩ ነው። ካቡን።"

"ካቡን?"

"አዎ፣ ጥንታዊ ነው ብለው። አይ እማ፣ ብታውቂ እንዴት ደስ እንዳለኝ!"

እናቴ "እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ" አለችኝ። ድምፅዋ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር። ያረጀች ሴት ናት፣ በትንሹም ሆድ ይብሳታል ብዬ ዘጋሁት።

እንግዶቹን ቢቸና ላይ ተቀብዬ በመኪናቸው ወደ ሞጣ ሄድን። ከዋናው መንገድ ወርደን ወደ ደብሩ ስንቃረብ እልልታ ሰማሁ። የእናቴ ማኅበርተኞች በሩ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። መምህሬ "እንዴ፣ በዓል ነው እንዴ?" አሉ። እኔም በዓል መሰለኝ።

ከመኪናው ወርጄ ቀና ስል ካቡን አየሁት።

ካብ የሚባል ነገር የለም። ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ተመርጓል። ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ነው፤ በእጅ ተለስኖ፣ ከላዩ ነጭ አፈር ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ቤት ግድግዳ ያበራል። አንዲት ቀዳዳ፣ አንዲት ስንጥቅ አትታይም። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ወጣች፤ በጥፍሮቿ ሥር ጭቃው ገና አልለቀቀም። ሰባ ዓመቷን ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት።

"አየሽው? ሰባት ቀን ፈጀብን። ውኃውን ከወንዝ በጀርባችን ተሸክመን ነው። ድሩን ሁሉ መጀመሪያ በመጥረጊያ አወረድነው፣ ከዚያ አንድም ቀዳዳ ሳይቀር ደፈንነው። እንግዳ መጥቶ የተንኮታኮተ ካብ ይይ?" አለችኝ።

"እጅሽ ይባረክ እማ" አልኋት። ሌላ ምን ልበል?

መምህሬ ነገሩን ገና አላወቁም። የእጅ ባትሪያቸውን አውጥተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በጭቃው ዳር ዳር ጎንበስ ቀና ማለት ጀመሩ። እናቴ ተከትላቸው ትሄዳለች። በመጨረሻ አላስቻላትም።

"አንቱ ጌታዬ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?"

ልቀድማቸው ፈልጌ ነበር፤ አልደረስሁም። መምህሬ በቅንነት ቀና ብለው "ሸረሪት ነው እማማ። ልጅዎ ስድስት ዓመት የቆጠረቻት ሸረሪት። እስካሁን ከዚህ ካብ በስተቀር የትም አልተገኘችም። ለእሷ ነው የመጣነው" አሏት።

እናቴ እጇን አየች፤ ከዚያ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ከሰዓቱን ሙሉ ፈለጉ። የለም። እናቴ እንግዶቹን ቤት ወስዳ አበላች፣ ጠላ ቀዳች፣ "ብሉ እንጂ በሞቴ" አለች፤ የጎደለ ነገር አልነበረም። ሽቶ ነጋዴው ጎረቤታችን እንግዶቹን ሰላም ለማለት ብቅ አሉና ገና ከበሩ "እህስ፣ ሸረሪቶቹን አገኛችኋቸው?" አሉ። እናቴ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ሲመሻሽ እንግዶቹ ወደ ሆቴላቸው ሄዱ። እናቴ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጣ ጥፍሯን በእንጨት ትጠርጋለች።

"ስንት ነበሩ?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ሸረሪቶቹ ናቸዋ።"

"አርባ ሦስት።"

"እኔ ልጅ ነበር የመሰለኝ" አለች፣ ጥፍሯን መጥረጓን ሳታቆም። "ቄሰ ገበዙ 'ልጅሽ ከካቡ ሥር ቆማ ስትለምን አንጀቴን በላችው' አሉኝ። ደብር ለደብር ትዞራለች ሲሉኝም ለልጅ ነው አልሁ። ስድስት ዓመት እኔም አብሬሽ ለመንሁ። ታቦቱን 'የምትለምንህን ስጣት፣ ቅጥርህን በእጄ እመርጋለሁ' ብዬ ተሳልሁ። ያን ቀን ስትደውዪ ድምፅሽ ደስ ብሎት ሰማሁት። ስንት ዘመኔ እንዲያ ስትስቂ ከሰማሁ! አንድ ሰው ይዛ ልትመጣ ነው፣ ደረሰላት አልሁ። ስለቴን አገባሁ።"

አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ታፍሪብኛለሽ ብዬ ነው እማ።"

"ለጎረቤቱ ነግረሻል።"

"እሳቸው ሌላ ናቸው..."

"እኔ ሸረሪት አልወድም" አለች። "አንቺን ግን እወድሻለሁ። ሸረሪት እቆጥራለሁ ብትዪኝ ምን እልሽ ነበር? 'እንዳትሸናብሽ' እልሽ ነበር እንጂ ሌላ ምን እል ነበር?" ይህን ብላ ተነሥታ ገባች።

በማግሥቱ ስነቃ ቤት ውስጥ የለችም። ስፌት የምትሰፋበት ወስፌም ከሰሌኑ ላይ ጠፍቷል። እየሮጥሁ ደብሩ ስደርስ ቅዳሴው አልቋል። እናቴ በካቡ ሰሜን በኩል ተንበርክካ ጭቃውን ከድንጋዮቹ መሃል በወስፌዋ ትፈለፍላለች። ቄሰ ገበዙ ከላይዋ ቆመዋል።

"ኧረ ወይ ጉድ! የስለትሽን ጭቃ? ምን ነካሽ አንቺ ሴት!"

"አባ፣ አንቱ ዝም በሉኝ። የተሳልሁት ሳላውቅ ነው። ታቦቱ ይፈታኛል።"

አጠገቧ ተንበረከክሁ። በብዕር እፈለፍል ጀመር። መምህሬና ባልደረባቸውም መጡ። ከሰዓት እስኪጋመስ ሃያ እርምጃ ያህል ከፈትን። አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተገኘች፤ ክሯ ከጭቃ ጋር ተጣብቆ፣ እሷም ውስጡ ተጨፍልቃ። ነጭ ቀለበት ያለው አንድ እግር ደኅና ነበር። መምህሬ በብልቃጥ ከተቷት፤ ግን በአንድ እግር ስም አይወጣም፣ ሙሉ አካል ያስፈልጋል አሉ። እኔ ክርስትና በተነሣሁበት ደብር እሷ ስም ሳታገኝ ቀረች። እንግዶቹ በማግሥቱ ተመለሱ። "አይዞሽ" አሉኝ። ከአይዞሽ በላይ ምን ይሉኛል?

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ቢቸና ላይ ወራት ተቀመጥሁ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አስተምራለሁ፣ ሲዘጋ እተኛለሁ። ድካሙ ግን በእንቅልፍ አልወጣ አለኝ። በጥርም፣ በየካቲትም፣ ስልክ በሠራ ቅዳሜ ሁሉ እናቴ ትደውላለች። ያን የሚያህል መንገድ በዚያ ጉልበቷ ሄዳ፣ የከፈትነውን ካብ አይታ ነው የምትደውልልኝ።

"ዛሬም የለም" ትለኛለች።

"አትድከሚ እማ፣ ተይው በቃ።"

"ምን አደከመኝ፣ ለመሳለም ስሄድ ነው የማየው።"

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ስልኩን ገና ሳነሣው እልል ልትል ምንም አልቀራት። "ሁለት አየሁ!" አለች። በሳምንቱ "አራት ሆኑ!" አለች። በሳምንቱ "ሰባት! ቄሰ ገበዙንም አሳየኋቸው፤ እሳቸውም ይቆጥራሉ።"

"እስቲ እማ፣ ድሩ ምን ይመስላል?"

"ክብ ነው። በሁለቱ ድንጋይ መሃል ተዘርግቶ እንደ ወንፊት ያምራል። እሷ መሃሉ ላይ ተንጠልጥላለች።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልሁ። ክብ ድር የምትሠራው የቤቱ ሁሉ ሸረሪት ናት፤ በየጓዳው፣ በየበረቱ፣ በኔም መስኮት ላይ አለች። የኔዋ በክብ ድር ላይ አትንጠለጠልም። የኔዋ ከቀዳዳዋ አትወጣም። የከፈትነውን ባዶ ቤት ሌላ ገብታበታለች።

"እሰይ" ልላት አፌን ከፈትሁ። ቀላሉ እሱ ነበር። ያን ሁሉ ዳገት በጉልበቷ ሄዳ የቆጠረችውን ልንፈጋት? ደስ ይበላት፣ እኔም ልተኛ። ልክ ለቄሰ ገበዙ "አሜን" እንዳልሁት ማለት ነው።

"እማ" አልኋት፣ "እሷ አይደለችም።"

ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ገና ከመንገድ መግባቷ ነው።

"አንዷም?"

"አንዷም እማ። የተለመደችው ናት።"

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

"እንግዲያው የዛሬ ሳምንት እመለሳለሁ" አለች። "አሁን አረፍ ብያለሁ። ደኅና አድርገሽ ንገሪኝ። እግሯ እንዴት ነው?"

ስድስቱን ወደ ፊት፣ ሁለቱን ወደ ኋላ ታደርጋለች ብዬ ጀመርሁላት።